የጆሮው ሠንጠረዥ

የትምህርት ቤቱን ላብራቶሪ የምይዘው እኔ ነኝ። የባዮሎጂ መምህሩን በልቤ «አይሳሳቴ» እለዋለሁ። ሽንኩርቱን የምፈጨው እኔ፣ ጨውና የዕቃ ሳሙና ጨምሬ የማጠልለው እኔ፣ ቀዝቃዛ አልኮል በቀስታ የማፈስበት እኔ። ከላይ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ነገር ሲንሳፈፍ ግን ደረቱን ነፍቶ «ይኸው ዲኤንኤ!» የሚለው እሱ ነው። አነጋገሩን ለሰማ ሰው ሽንኩርቱንም የፈጠረው እሱ ይመስላል።

ሐቁን ለመናገር፣ ጅምሩ ላይ ደህና ያስተምራል። ዲኤንኤ ሕዋሳችን ውስጥ የተቀመጠ ረጅም መመሪያ ነው፤ ጂን የሚባለው የዚያ መመሪያ አንድ ክፍል ነው፤ ልጅ ግማሹን ከእናቱ፣ ግማሹን ከአባቱ ይወስዳል። እዚህ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት? አያቆምም። ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የጆሮ ሠንጠረዥ ይሄዳል።

ሠንጠረዡን የሣልኩት እኔ ነኝ፤ ቀለሙ ሲለቅ የማድሰውም እኔው። ጉትቻ የሚሰካበት የጆሮ ጫፍ ከተንጠለጠለ ሌላውን የሚጫነው ኃይለኛ ጂን አለ፣ ከጉንጭ ጋር ከተጣበቀ የለም ይላል። ስለዚህ ጆሯቸው የተጣበቀ እናትና አባት ጆሮው የተንጠለጠለ ልጅ አይወልዱም። ከአራት ዓመት በፊት ሥልጠና ላይ ይህ ስህተት መሆኑን በግልጽ ነግረውናል፤ የጆሮን ቅርጽ የሚወስነው አንድ ጂን ሳይሆን ብዙ ጂኖች አንድ ላይ ሆነው ነው፣ ተጣበቀም ተንጠለጠለም የማይባል ጆሮም ሞልቷል። አይሳሳቴ ያን ቀን ስልኩን ሲጎረጉር ዋለ። እኔ ሰምቻለሁ። ግን ብልቃጥ አጣቢ መምህር ታርማለች? ዝም አይነቅዝም ብዬ ተቀመጥኩ፤ በዓመቱም ሠንጠረዡን በአዲስ ቀለም አሳመርኩት።

በየዓመቱ ተማሪዎቹ የቤተሰባቸውን ጆሮ አይተው እንዲመጡ ያዛል። ዘንድሮ የልብስ ሰፊው ልጅ ወጥታ ሰሌዳው ላይ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቷ ጻፈች፦ አባት የተጣበቀ፣ እናት የተጣበቀ፣ እኔ የተንጠለጠለ። አይሳሳቴ አየና ፈገግ አለ።

«ይሄ አይሆንም» አላት። «ወይ ጆሮ ማየት አትችይም፣ ወይ እናትሽን ጠይቂያት።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እሱ ግን ምን እንዳለ እንኳ አላወቀም፣ ቀጣዩን ተማሪ ጠራ። እኔ ከኋላ ሆኜ ብልቃጥ አጥብ ነበር። ማጠቤን ቀጠልኩ።

በአራተኛው ቀን አባትየው ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ ላብራቶሪው ድረስ መጣ። ልጅቷ የዚያኑ ቀን ማታ ራት ላይ እናቷን ጠይቃት ኖሯል፤ እናትየዋ ጉርሻዋን ሳትጨርስ ተነሣች። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ «አባባ» ብላ አልጠራችውም፣ ትምህርት ቤትም አልመጣችም።

«እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፣ መምህር» አለው። «ልጄ ናት ወይስ አይደለችም?»

አይሳሳቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ተሳስቻለሁ ሊል ነው ብዬ ጠበቅኩ፤ ሞኝ ነኝ። እሱ ግን ልጅቷ ላይ የጂን ለውጥ ደርሶ ይሆናል፣ አንዳንዴ የሚያጋጥም እንከን ነው እያለ ያብራራ ጀመር። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ! አባት የለሽ ማድረጉ ሳያንስ እንከናም አደረጋት። ደሜ ፈላ።

«የተሳሳተው ሠንጠረዡ ነው» አልኩት ልብስ ሰፊውን። «ጆሮዋ የእርስዎ አይደለችም አይልም። በጆሮ አባት አይታወቅም።»

ሥልጠና ላይ የሰማሁትን አንድ በአንድ ነገርኩት። ኮት በአንድ ስፌት ብቻ ቅርጽ እንደማይዝ እሱ ያውቃል፤ ጆሮም እንደዚያው ነው ስለው ወዲያው ገባው። ፊቱ ሲፈታ አየሁና ደስ አለኝ። አይሳሳቴ ቀልቶ ይህን ከየት እንዳመጣሁት ጠየቀኝ። አንተ ስልክህን ስትጎረጉር ነው፣ የዛሬ አራት ዓመት፣ አልኩት። እንዲህ አፉን ሳስይዘው የመጀመሪያዬ ነበር።

ልብስ ሰፊው ወደ እኔ ዞረ።

«አራት ዓመት?» አለ። «እህቴ፣ ያውቁ ነበር ማለት ነው?»

«አውቅ ነበር።»

«ልጄ ሲሳቅባት የት ነበሩ?»

እዚያ ጋ፣ አልኩት፣ የዕቃ ማጠቢያውን እያሳየሁት። ይሰድበኛል ብዬ ነበር፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ልጄስ ልጅ ናት፣ ሲነግሯት ትመለሳለች» አለ። «እኔ ግን ትናንት ሚስቴን ‹ከማን ናት?› ብዬ ጠየቅኳት። አሥራ ስድስት ዓመት አብራኝ የኖረችውን ሴት። እሷን አሁን ምን ልበላት?»

አይሳሳቴ ወለሉን አየ። እኔም ወለሉን አየሁ። ስንቀው የኖርኩት ሰውዬና እኔ ያን ጊዜ እኩል ሆንን።