በየትኛው ሀ

ሁለት መቶ ስምንተኛው ስም ላይ ደርሷል። ላፕቶፑ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ያቃስታል፤ ጎኑ ላይ የተሰካችው ፍላሽ መብራቷን ብልጭ ድርግም ታደርጋለች፤ የውብዳር ሁለት እጇን በጉልበቶቿ መሀል ቀብራ ስክሪኑ ላይ አፍጥጣለች። ለአንድ ስም ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል። የሚፈለገው ስም ደግሞ ስድስት መቶ አርባ ነው።

ክፍሉ በዚህ ዓረብ አገር ከተማ ጉበይራ በተባለ ሰፈር ውስጥ ከአንድ ልብስ ስፌት ቤት በላይ ነው። ታች ያሉት የስፌት መኪናዎች ዝም ካሉ ሳምንት ሆናቸው፤ ሰፊዎቹ ገሚሱ እጁን ሰጥቶ፣ ገሚሱ መንገድ ላይ ተይዞ ሄዷል። መንግሥት ፈቃድ የሌለው ሁሉ በሰላም እንዲወጣ የሰጠው የምሕረት ቀነ ገደብ ያለፈበት ኅዳር ነው። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለው ሐበሻ ወደ አገሩ እስኪሳፈር ድረስ ከከተማው ዳር ባሉ ትልልቅ አዳራሾች ይሰበሰባል፤ ባል ከሚስት፣ እህት ከወንድም ተለያይቶ ማን የት እንዳለ የሚያውቅ ጠፍቷል። በየአዳራሹ ያሉ በጎ ፈቃደኞች የሰዉን ስም በእጃቸው ጽፈው በስልክ ፎቶ አንስተው ይልካሉ፤ እዚህ ደግሞ አምስት ሰዎች ተቀምጠው ወደ ኮምፒውተር ይገለብጡታል። እስካሁን ሰማንያ ስድስት ፋይል፣ አሥራ አንድ ሺህ ስም ተሰብስቧል። ከዚያ ሁሉ መሀል የተፈለገውን ሰው ለቅሞ የሚያወጣውን ፕሮግራም የጻፈችው የውብዳር ናት።

ትምህርቱን በመጥረጊያ እጀታ አገኘችው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ራውዳ በተባለ ሰፈር በአንድ የሴቶች ትምህርት ቤት ጽዳት ትሠራለች። የኮምፒውተሩን ክፍል ስትወለውል ሰሌዳው ላይ የቀረውን ኮድ ቆማ ስትገለብጥ አብላ ረኒም የምትባል ዮርዳኖሳዊት መምህርት ደረሰችባት፤ ልትቆጣት አፏን ከፍታ ሳቀች። ያለፈውን ዓመት መማሪያ መጽሐፍ ሰጠቻት፤ ቆይታም ይህን አሮጌ ላፕቶፕ። የውብዳር በሰው ቤት በቃረመችው ዓረብኛ እየተንገዳገደች ስክሪን ላይ የሚከፈት መስኮት መሥራት፣ የሚጫኑት ቁልፍ መሥራት፣ በመጨረሻም ፋይል ከፍቶ ማንበብና መዝጋት ተማረች። መጽሐፉ እዚያ ላይ አለቀ፤ እሷም እዚያ ላይ ቆመች።

ከመስጊዱ የጁምዓ ስብከት ይሰማል። ጋሼ አሻግሬ ስልካቸውን በእጃቸው እንደያዙ ገቡ። የሚኒባስ ሾፌር ናቸው፤ ዳቦና ውሃ ለማድረስ እስከ አዳራሾቹ ግቢ እንዲገቡ የተፈቀደላቸው እሳቸው ብቻ ናቸው።

«ሰዓቱ ተቀየረ» አሉ። «የአዳራሾቹ በር ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይዘጋል። እኔ ከዚህ ስምንት ሰዓት መነሳት አለብኝ። ያንቺ ዝርዝር መቼ ያልቃል?»

«ዘጠኝ ተኩል።»

«ኸላስ፤ ያለቀውን ይዤ እሄዳለኋ።»

ያለቀው ሲሶው ብቻ ነው። ያላለቀው በር አጠገብ ቆሟል፤ ስንቅነሽ፣ የስምንት ወር ሕፃን በጀርባዋ አዝላ። ሕፃኗ የእሷ አይደለችም። ጎረቤቷ ሐዋ ሰኢድ የዛሬ አምስት ቀን «ዳይፐር ገዝቼ ልምጣ፣ አንዴ ያዢልኝ» ብላ እስከ ማዶው ሱቅ እንደወጣች ቀረች። ስልኳ ዝግ ነው። ሕፃኗ ሙባረካ ገና ጡት የምትጠባ ናት፤ ጡጦውን በምላሷ እየገፋች አንገቷ ቀጥኗል። ስንቅነሽ ከትናንት ወዲያ መጥታ አስፈልጋ ማሽኑ «የለም» ብሏታል። ዛሬ አዳዲስ ፋይሎች ስለመጡ እንደገና ተመዝግባ ተራዋ አምስት መቶ ሰማንያ ስምንት ሆነ። እናትየዋ ሳትገኝ ከተሳፈረች ልጅቱ በሰው አገር፣ በሰው ጀርባ ላይ፣ ያለ አንዳች ወረቀት ትቀራለች።

«እሷን አስቀድሚያት በቃ» አሉ ጋሼ አሻግሬ።

«ለማስቀደም ማስቆም አለብኝ። ካስቆምኩት እስካሁን ያገኘው ሁሉ ይጠፋል።»

«ለምን ይጠፋል?»

የውብዳር ፊቷ ጋለ። ውጤቱን ወደ ፋይል የሚጽፈው የመጨረሻው ስም ካለቀ በኋላ ነው፤ እንዲያ አድርጋ የሠራችው ራሷ ናት። «እንዲያ ስለሠራሁት» አለች ቀስ ብላ።

ሕፃኗ አለቀሰች። ስንቅነሽ ወደ ወጥ ቤት ገባች። የማቀዝቀዣው በር ተከፍቶ ተዘጋ፤ ወተቱ። ደግሞ ተከፍቶ ተዘጋ፤ ውሃው። ሦስተኛ ሲከፈት የውብዳር ጆሮዋ ቆመ። መጀመሪያ የተቀጠረችበት ቤት ማዳም በዚህ ጉዳይ ምሕረት አታውቅም ነበር። በዚያ ሙቀት ለቲማቲም አንዴ፣ ለሎሚ አንዴ፣ ለእርጎ አንዴ የተከፈተ እንደሆነ ቤቱ በጩኸት ይናጋል። «አንዴ ክፈቺ! የምትፈልጊውን ሁሉ አውጥተሽ ጠረጴዛው ላይ ደርድሪ! ዝጊ!» ሁለት ዓመት ሙሉ የተሰደበችበት ነገር ለካ ትምህርት ኖሯል።

ፕሮግራሟ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ለእያንዳንዱ ስም ሰማንያ ስድስቱንም ፋይል ይከፍታል፣ እስከ ታች ያነባል፣ ይዘጋል፤ ለሚቀጥለው ስም እንደገና ከአንደኛው ይጀምራል። ጸረ ቫይረሱ ደግሞ ፋይል በተከፈተ ቁጥር በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ ይፈትሻል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። ሁሉንም ፋይል አንዴ ብቻ ከፍቶ ስሙን በሙሉ አውጥቶ በማሽኑ ጭንቅላት ውስጥ ቢደረድረው፣ ከዚያ በኋላ ፋይል የሚባል ነገር መንካት አያሻውም።

ሰዓቷን አየች። ስድስት ሊሆን አሥር ጉዳይ። ሁለት መቶ አሥራ አንድ ሰው ተገኝቷል ወይም አልተገኘም፤ ዘመዶቻቸው ደረጃው ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። አዲሱ አልሠራ ቢል ጋሼ አሻግሬ ባዶ ወረቀት ይዘው ይሄዳሉ። ላም እሳት ወለደች ማለት ይህ ነው፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት።

አስቆመችው። የፍላሿ መብራት ጸጥ አለ።

«ምን አደረግሽ?» አሉ ጋሼ አሻግሬ።

«እስከ ስምንት ሰዓት አያናግሩኝ።»

በሕይወቷ ታላቅ ሰውን እንዲህ ብላ ተናግራ አታውቅም። ሰውዬው ወጥተው ደረጃው ላይ ያሉትን ሰዎች ማረጋጋት ጀመሩ። አንዲት ሴት «እኛማ ከጠዋት ጀምሮ ነን፣ ያረቢ!» ስትል፣ ሌላው «ማሽኑ ተበላሸ አሉ» ሲል ይሰማታል። አንድ መስመር ትጽፋለች፣ ሁለት ትሰርዛለች። ጀርባዋን ላብ አጠመቃት። አንድ ሰዓት ያህል አንገቷን ሳታቀና ቆይታ ማስነሻውን ተጫነች። ማሽኑ ሁለተኛው ፋይል ላይ ሲደርስ በቀይ ጽሑፍ ቀጥ አለ። ፋይሉ በሌላ ሥራ ተይዟል ይላል። ማን ያዘው? አሥር ደቂቃ ባከነች። የያዘችው ራሷ ነበረች፤ ከፍታ መዝጋቱን ረስታለች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አንዲት መስመር ጨመረችና ደግማ ተጫነች።

ሰማንያ ስድስቱ ፋይሎች አርባ ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ተነበቡ። ከዚያ ስድስት መቶ አርባው ስም፣ ዐይኗን ጨፍና ሳትገልጥ፣ አለቀ።

በደስታ ከወንበሯ ተነሥታ ቆመች። ስንቅነሽ ሮጣ መጣች። የውብዳር ዝርዝሩን ወደ ታች ሳበችው። አምስት መቶ ሰማንያ ስምንት። ሐዋ ሰኢድ። የለም።

ደስታው እዚያው ቀለጠ። እንግዲህ ማሽኑ ቀድሞ በግማሽ ደቂቃ የሚለውን «የለም» አሁን በቅጽበት መናገር ቻለ፤ ያ ነው ትርፉ። ስንቅነሽ ሕፃኗን ከጀርባዋ አዙራ አቀፈቻትና ስክሪኑ ላይ አቀረቀረች። የቄስ ልጅ ናት፤ አባቷ ዳዊት ያስደገሟት።

«የውቤ» አለች፣ «በየትኛው ሀ ነው የፈለግሻት?»

«እንዴት?»

«በሀሌታው ነው ወይስ በሐመሩ? በብዙኃኑ የሚጽፋትም አይጠፋም እኮ።»

የውብዳር አንዱን ፋይል ከፍታ በዐይኗ ወረደችበት። ሀይማኖት። ሃይማኖት። ሐይማኖት። ኃይማኖት። አራት ሴቶች፣ አንድ ስም፣ አራት አጻጻፍ። አምስቱ ገልባጮች አምስት ቦታ የተማሩ ናቸው፤ አንዱ ንጉሡን ሠ ይወዳል፣ ሌላው እሳቱን ሰ፣ ሦስተኛው ጣቱ የደረሰበትን ይጫናል። ሰው ሲያነበው ሁሉም አንድ ነው፤ ማንም አማርኛ አንባቢ አይደናገርበትም። ማሽኑ ግን አማርኛ አያውቅም። ለእሱ ሀና ሐ እንደ በግና በርሜል የተለያዩ ናቸው። ይህን መጽሐፉ አልጻፈላትም፤ የዓረብኛ መጽሐፍ ከየት አምጥቶ ይጻፍላት።

አራት ቀን ሙሉ ከሥራ መልስ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስንቱን «የለም» ብላ ሸኝታለች? ሐና፣ ኃይሌ፣ ዓለሙ፣ ሠናይት፣ ጸጋዬ። ማልቀስ ቃጣት፤ ግን ጊዜ አልነበረም።

«እትዬ ስንቅነሽ፣ ተቀመጪና ንገሪኝ። የሚመሳሰሉትን ሁሉ፣ ከነዘራቸው።»

ስንቅነሽ ሕፃኗን እያወዛወዘች እንደ ልጅነቷ በዜማ ታወርድላት ጀመር፤ ሐ ወደ ሀ፣ ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፤ ሐ ሑ ሒ እያለች እስከ ሳብዑ፤ ራብዖቹን ሃና ኣንም ወደ ግእዞቹ ሀና አ። የውብዳር እግር በእግር እየተከተለች ትጽፋለች። ፋይሉ አንዴ ሲነበብ እያንዳንዱ ስም በዚህ ወንፊት ያልፋል፤ የጠያቂውም ስም እንዲሁ። በአሮጌው አሠራር ቢሆን ይህ ሁሉ ማጣራት ለእያንዳንዱ ስም እንደ አዲስ እየተደገመ እስከ ነገ ባላለቀ ነበር። ስምንት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ተጫነችው።

«ሃዋ ሠዒድ። አዳራሽ ዘጠኝ።» ከአምስቱ ፊደል ሦስቱ ሌላ ነበሩ። የተመዘገበችው የዛሬ አምስት ቀን ነው፤ በተያዘች ዕለት። ከስሟ ጎን በጎ ፈቃደኛው አንድ መስመር ጨምሮበታል፦ «ልጄ ጎረቤት ቀርታለች እያለች ታለቅሳለች። ምግብ አልበላም ብላለች።»

ሁለቱ ሴቶች ደግመው አነበቡት። ያ መስመር ከትናንት ወዲያም እዚያው ፋይል ውስጥ ነበረ።

«አዳራሽ ዘጠኝ ዛሬ ተሳፋሪ ነው!» አሉ ጋሼ አሻግሬ ከኋላቸው። «ያላ! ያላ፣ ተነሺ ስንቅነሽ! ኢቃማሽን ይዘሻል?»

«ይዣለሁ ጋሼ።»

ዝርዝሩ ታትሞ ሳይቀዘቅዝ ወሰዱት። ስንቅነሽ ደረጃውን ስትወርድ የሕፃኗን ራስ በእጇ ከልላ ነበር። ሚኒባሱ ሲነሣ የውብዳር በመስኮት አየችው፤ የጁምዓ መንገድ ባዶ ነው፤ እስከ ቀለበት መንገዱ መታጠፊያ ድረስ በዐይኗ ሸኘችው።

ደረጃው ላይ የነበሩት የየዘመዳቸውን አዳራሽ እየተነገራቸው አንድ በአንድ ሄዱ። አንዳንዶቹ እጇን ስመዋል። እሷ ግን ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም። ሁሉም ሲወጡ ከመሳቢያው ደብተር አወጣች። በአራቱ ቀናት «የለም» የተባሉት ሰዎች ስምና ስልክ እዚያ ሰፍሯል፤ ምናልባት በኋላ ቢገኝ ብላ የያዘችው ነው። ሁለት መቶ አሥራ አራት። አንድ በአንድ አስገባቻቸው። ማሽኑ አሁን ፈጣን ነው፤ ጊዜ አልሰጣትም። አንድ መቶ ሠላሳ ዘጠኙ ፋይሎቹ ውስጥ ነበሩ። ከእነዚያም ስልሳ አንዱ አጠገብ «ተሳፍሯል» ይላል።

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኳ ጮኸ።

«ደርሰናል» አሉ ጋሼ አሻግሬ። ከኋላቸው ሞተርና የሰው ጫጫታ ይሰማል። «አውቶብሱ ተንቀሳቅሶ ነበር። ሐዋ ልጇን በመስኮት ነው የተቀበለችን። ኸላስ፣ የውቤ፣ ተቀብላታለች።»

«ስንቅነሽስ?»

«እዚህ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ባዶ አንቀልባዋን ይዛ። ትንሽ ትቀመጥ።»

የውብዳር ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እፎይ ማለት ነበረባት፤ እፎይታው ግን አንድ ሕፃን ያህል ብቻ ነበር። ደብተሩን ወደ ራሷ ሳበች። የመጀመሪያው ቀን፣ የመጀመሪያው መስመር፦ ደመቀ፤ ሚስቱን ፀሐይ ዓለሙን ይፈልጋል። ሰውዬውን ታስታውሰዋለች። ረጅም፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ቀለም ቀቢ። «እህቴ፣ እስኪ ደግመሽ እዪልኝ» ብሏት ነበር። ደግማ አላየችም። ከኋላው ወረፋ ነበረ፤ ደግሞም በፕሮግራሟ ኮርታ ነበር። «ማሽን አይሳሳትም ወንድሜ» አለችው። አንገቱን ነቅንቆ፣ አመስግኗት ወጣ።

ጸሀይ አለሙ። አዳራሽ ሃያ ሁለት። «ተሳፍሯል» ይላል፣ ትናንት።

ቁጥሩን መታችው። ስልኩ ዝግ ይሆናል ብላ ተስፋ አደረገች፤ በዚህም በራሷ አፈረች። ጠራ። ሁለቴ፣ ሦስቴ ጠራ።

«አቤት፣ ማን ልበል?» አለ ዝቅ ያለው ድምፅ።

ከኋላው የአገር ቤት ዘፈን ይሰማል። ስሟን ብትነግረው አያውቀውም፤ ሰላም ነው ወይ ብትለው ደስ የሚል ወሬ ይመስለዋል።

«ወንድሜ» አለች፣ «እኔ ነኝ። የለችም ያልኩህ።»

ወዲያ ማዶ ሰውዬው ዘፈኑን ቀነሰው።