ለሦስት ሰዓት የመጣ አባት

የሰርግ አዘጋጇ ትርሲት የሞተ አባት ታመጣለች። የምታመጣው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ነው፤ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ጫማው ተወልውሎ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ይህንን የሚሠራ ሌላ ሰው የለም። ዴኮርም ትሠራለች፤ እሱ እንኳን ያን ያህል አይደለም።

እትዬ ጥሩወርቅ ልጃቸውን ማህደርን ለመዳር ትርሲትን እንደሚቀጥሩ ጎረቤታቸው ፈለቀች ሰምታ ተቆጣች።

«ምን ነካሽ ጥሩዬ! ድንኳኑን እድሩ ይሰጥሻል፤ ለወጡ እኛ አለንልሽ። እሷ ደግሞ ምን ልትፈይድልሽ ነው?»

«እድሩ መኩሪያን በወጉ ቀብሮልኛል» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። «መልሶ ግን አያመጣልኝም።»

መኩሪያ ባላቸው ነበር። ማህደር ጡት ሳትጥል መኪና ተገልብጦበት ሞተ። ልጅቱ አባቷን የምታውቀው ግድግዳው ላይ ካለው የሰርግ ፎቶ ነው። የለመነችውም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስትዳር የአባቷን ጉልበት ስማ መመረቅ። «የእሱ ወንበር ላይ አጎቴን እንዳታስቀምጡብኝ» ብላለች።

ትርሲት ቤታቸው መጥታ ደብተሯን ገለጠች። የእንግዳውን ብዛት ጠየቀች፤ የአበባውን ቀለም ጠየቀች። ከዚያ የአባትየውን ዋጋ ነገረቻቸው።

«ለእሱ ገንዘብ አልቀበልም። እርስዎ የተሞሸሩበትን ቀን እወስዳለሁ። ቀኑ ከልብዎ ሲወጣ ግን መኩሪያንም ይዞት ነው የሚወጣው።»

«ማለት?»

«ሲመጣ አያውቁትም።»

«ልጄንስ?»

«ልጅዎን ያውቋታል።»

እትዬ ጥሩወርቅ ቀና ብለው ፎቶውን አዩት። ያን ቀን ዝናብ ነበር። ጫማቸውን ጭቃ እንዳይነካው መኩሪያ ከመኪናው እስከ ደጁ ተሸክሟቸው፣ ፎቶ አንሺው እንደተሸከማቸው አነሳቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲከፋቸው የሚያጽናናቸው ይኸው ቀን ነበር።

«ጉልበቱን ትስማለች?»

«ትስማለች።»

«እንግዲያው ውሰጂው።»

ትርሲት ደብተሯ ላይ ምልክት አደረገች።

የሰርጉ ዕለት ልክ ሦስት ሰዓት ላይ መኩሪያ በአጥሩ በር ገባ። ዕድሜው ሲሞት የነበረው ነው፣ ሃያ ዘጠኝ፤ ከሙሽራው በሁለት ዓመት ያንሳል። ማንም አልሳቀም። ዘፋኙ ማይኩን ዝቅ አደረገ። ፈለቀች ጭልፋዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች፤ «ኧረ በስመ አብ!» አለች። ማህደር ቬሎዋን ሰብስባ ተንበረከከችና የአባቷን ጉልበት ሳመች። እሱም እጁን ራሷ ላይ ጭኖ «ውለጂ፣ ክበጂ» አላት። የተናገረው በለሆሳስ ነው፤ ነገር ግን አስፋልቱ ዳር የቆሙት ሳይቀሩ «አሜን» አሉ።

እትዬ ጥሩወርቅ እንባቸው ወረደ። ለምን እንደሆነ አላወቁም፤ ብቻ በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም። በኋላ ወጣቱ ብቻውን ሲቀመጥ አሳዘናቸውና ሳህን ይዘውለት ሄዱ።

«ብላ እንጂ ልጄ። ሚዜ ነህ?»

«የሙሽራዋ ወገን ነኝ።»

«እሰይ! አግብተሃል?»

ወጣቱ ጫማቸውን አየ።

«አግብቻለሁ። ጭቃ አትወድም።»

«ታድላ!» አሉና እንጀራ ጨመሩለት።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ወንበሩ ባዶ ነበር። የቀረበለትን ሁሉ በልቶታል።

ፎቶው አሁንም እዚያው ግድግዳ ላይ ነው። አንድ ሙሉ ልብስ የለበሰ ወጣት ዝናብ ውስጥ ቆሞ፣ ሰው እንደተሸከመ ሁሉ ሁለት ክንዶቹን ዘርግቷል፤ ክንዶቹ ላይ ግን ማንም የለም። እትዬ ጥሩወርቅ ቅዳሜ ቅዳሜ መስታወቱን ሲወለውሉ «ይሄ ልጅ ማንን እየጠበቀ ይሆን?» ይላሉ። በሰርጉ ማግስት ጭቃው ጫማውን ብቻ ነበር የሸፈነው። አሁን ጉልበቱ ድረስ ደርሷል፤ ክንዶቹን ግን አላወረደም።