በግራ እጅ የተፈተለ

ፍሬው በተቀበረ በሦስተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ሚስቱ ዘነቡ፣ ወንድሙ ዳኜ፣ ጎረቤታቸው አያልነሽና ከዘመሮ የመጡ ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው። አያልነሽ ንፍሮ እያዞረች ሳለ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ደጅ ላይ ከፈረስ ወረደች። ከኮርቻው ጀርባ ትልቅ ጥቅል ፈታች።

«የማን ዘመድ ናት?» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

«የራቤል ሰው ናት» አለች አያልነሽ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ፈረሱን አወቅሁት። አምና ክረምት ጋሽ ፍሬው የመጣው በሱ ነው።»

ዘነቡ ሰማች። ሦስት ቀን ሙሉ የፈራችው ይህንኑ ነበር።

ሴትዮዋ ገብታ አለቀሰች። የይሉኝታ ልቅሶ አልነበረም፤ ከልቧ ነው ያለቀሰችው፤ ዘነቡን የከፋትም እሱ ነው።

«እግዜር ያጥናሽ፣ እትዬ። ጥሩሸዋ እባላለሁ።»

«ተቀመጪ» አለችና ዘነቡ በሩ አጠገብ ነፋስ የሚገባበትን ቦታ አሳየቻት። ከራሷ ጎን ያለው ምንጣፍ ባዶ ነበር።

ፍሬው ባና ሠሪ ነበር። ከበግ ጠጉር የሚሠራው ይህ ብርድ ልብስ ዝናብ አያስገባም ይባልለት ነበር። እርሻው ሲያርፍ መርሐቤቴ ወርዶ፣ የጓሳን ውርጫማ ደጋ አቋርጦ ራቤል ድረስ ሄዶ ሙያውን ያስተምራል። በየደረሰበት ወዳጅ አለው፤ ካደረበት ቤት ሁሉ አሮጌ ባና ካለ ሳያይ አይወጣም። የእህል ጎታ የተከደነበትን፣ ኮርቻ ሥር የተነጠፈውን ሳይቀር ገልጦ በአውራ ጣቱ ይዳብሳል። ሲመለስ አንዳንዴ ብል የበላው ቁራጭ ይዞ ይመጣና፣ «ይህን እይ፣ ይህን የሠራ ሰው ዛሬ የለም» እያለ ያሳያታል። መንደሩ «ቡትቶ ለቃሚው» ብሎ ይስቅበት ነበር።

ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ግን ወደ ራቤል መመላለስ አበዛ።

«ራቤል ምን አለ?» ብላው ነበር አንድ ቀን።

«ተማሪዎች አሉ።»

«መርሐቤቴስ ተማሪ የለም? እዚያ በዓመት አንዴ ነው የምትሄደው።»

«ቆይ፣ ትደርሺበታለሽ» ብሎ ሳቀ።

ለመጨረሻ ጊዜ የሄደ ዕለት አጥሩ ድረስ ተከትላው፣ «ለሁለተኛው ቤትህ ሰላም በልልኝ!» አለችው። ፍሬው ትንሽ ቆመ። ከዚያ መንገዱን ቀጠለ። ሲመለስ የጓሳ ብርድ ደረቱን መትቶት ነበር። አምስት ቀን ተኛ። አንድ ነገር ሊነግራት ይጀምርና ሳሉ ያቋርጠዋል፤ እሷም «በል ተወው» ትለዋለች። መልሱን ፈርታ ነበር። በስድስተኛው ቀን ሞተ።

«ምን ይዘሽ መጣሽ?» አለች አያልነሽ ጥቅሉን እያየች። «እዚያ የቀረ ልብሱን ነው?»

«አንቺ ሴት፣ አፍሽን ሰብስቢ!» አለ ዳኜ።

ጥሩሸዋ አልተቆጣችም። «የእሳቸው አይደለም። የእትዬ ዘነቡ ነው» አለችና ጥቅሉን ፈትታ መሬት ላይ ዘረጋችው።

አሮጌ ባና ነው፤ ጥቁር፣ መሐሉ ላይ ግራጫ መስመር ያለበት።

ዘነቡ ግራኝ ናት። ያገባች ሰሞን የፈተለችው ግራጫ ክር እንደ ሌላው ሰው ወደ ቀኝ ሳይሆን ወደ ግራ የተጠመዘዘ ሆኖ አማቷ፣ «ይህን ማን ይሠራበታል?» ብለው ወረወሩት። ፍሬው አንሥቶ ለሁለታቸው መኝታ ከሠራው ከመጀመሪያው ባና መሐል አስገባው። «ጥምዘዛውን ዓይን አያየውም፤ ጣት ግን ያውቀዋል» አላት።

ውርጭ ገብሱን የፈጀው ዓመት ፍሬው መርሐቤቴ ሳለ ያንን ባና ለአንድ መንገደኛ ነጋዴ ሰጥታ በዘር ገብስ ለወጠችው። ተመልሶ ባዶውን መደብ አየ፣ ገብሱንም አየ። «ጥሩ ዘር ነው» አለ። እሷም ረሳው ብላ አሰበች።

«አማቴ የአልጋ ቁራኛ ነበረች» አለች ጥሩሸዋ። «ጋሽ ፍሬው መጀመሪያ እቤታችን ያደሩ ዕለት የለበሰችውን ባና ዳበሱና አለቀሱ። 'ይህን የፈተለችው ባለቤቴ ናት' አሉን። ውሰዱት ብንላቸው፣ 'እሳቸው ይሙቁበት፤ እስኪበቃቸው እኔ እመላለሳለሁ' አሉ። ለዘነቡ በእጄ ሳልሰጣት አልነግራትም ይሉ ነበር። አማቴ እሳቸው በሄዱ በሳምንቱ ዐረፈች።»

«ታዲያ ያንቺም ልቅሶ ነው!» አሉ ሽማግሌው። «ምንጣፍሽን ጥለሽ ነው የመጣሽ?»

«አደራ ነዋ፣ አባባ። የእሳቸው መርዶ ሲደርሰኝ እንዴት እቀራለሁ? አማቴ መልእክትም ነበራት።» ወደ ዘነቡ ዞረች። «መጨረሻ የመጡ ጊዜ 'ዘነቡ ለቤቱ ሁሉ ሰላም ብላለች' አሉን። አማቴ ደስ ብሏት፣ 'እኔንም ሰላም በሉልኝ' ብላ ነበር። አድርሰው ይሆን?»

ዘነቡ ተንበርክካ አውራ ጣቷን በግራጫው መስመር ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬደች። ከዚያ ጥሩሸዋን እጇን ይዛ ከበሩ አስነሣቻትና ከጎኗ ካለው ባዶ ምንጣፍ ላይ አስቀመጠቻት። የባናውን አንድ ጫፍ በእሷ ጉልበት፣ ሌላውን በራሷ ጉልበት ላይ አለበሰች።

ፍሬው በተቀበረ በዐሥራ ሦስተኛው ቀን ዘነቡ ጓሳን አቋርጣ ራቤል ልቅሶ ደረሰች።