እግሬ አላጠረም

አለቃዬ አቶ ደጅይጥኑ የመኪና ብልሽት ቅጹን ሞልተው ነው የጠበቁኝ። «የብልሽቱ ምክንያት» በሚለው ቦታ ላይ «የአሽከርካሪዋ ቁመት ማጠር» ብለው ጽፈዋል። እኔ ዝናሽ፣ አራት ዓመት ሙሉ ክትባትና ነፍሰ ጡር ጭኜ ከሰቆጣ አበርገሌ ስመላለስ አንድም ቀን ያልተጋጨሁ ሴት፣ ብልሽት ተብዬ ተጻፍኩ። ደሜ ፈላ።

«ምንም ማለት አይደለም እኮ» አሉኝ። «እስከ ስድስት ሰዓት መኪናዋን አስረክቢ። የሻምበል የሚባለው የእህቴ ልጅ ይነዳታል። እሱ ቁመት አያንሰውም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አምቡላንሷ በእርዳታ ከውጭ የመጣች ናት። ፍሬኗና ነዳጅ መስጫዋ ከመሪው አጠገብ ባለች ስዊች ወደ ነጂው ይቀርባሉ፣ ይርቃሉ። እኔ አጭር ነኝ፤ አልክድም። ስዊቿን ስጫን ፔዳሎቹ ዝዝዝ እያሉ እግሬ ድረስ ይመጡልኛል። ሰኞ ጠዋት ግን ብጫን ብጫን ድምፅ የለም። ፔዳሎቹ ጥግ ድረስ ርቀው ቀርተዋል። ቅዳሜ ለስብሰባ አምደወርቅ የነዷት ራሳቸው አቶ ደጅይጥኑ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ባሕር ዛፍ ያህላሉ።

«ከጀርባሽ ትራስ አድርጊና ንጂያ» አለኝ የግቢው ዘበኛ።

ያንን ወደ ተከዜ የሚወርድ ጠመዝማዛ ፍሬኑን በእግር ጣቴ ጫፍ እየነካሁ? ከኋላዬ ምጥ የያዛት ሴት ተኝታ? አላደርገውም።

«ስድስት ሰዓት ገና ነው» አልኳቸው። «እስከዚያ መኪናዋ በእኔ እጅ ናት።»

ሹፌር ከመሆኔ በፊት ኪዳኑ ጋራዥ ሦስት ዓመት ሽቦ ስጎትት ኖሬያለሁ። መጀመሪያ ፊውዙን ነቅዬ አየሁት፤ ደህና ነው። ከኪዳኑ የተዋስኳትን መፈተሻ አምፖል ስዊቹን ተጭኜ ከሱ በሚወጣው ሽቦ ላይ አስነካኋት፤ በራች። ስለዚህ ስዊቹም ጤነኛ ነው። ከዚያ ጭንቅላቴን ከዳሽቦርዱ ሥር ከትቼ፣ እግሬን ወንበሩ ላይ ሰቅዬ በጀርባዬ ተኛሁ። ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሊያየኝ መጣ። ይመልከት፣ ምን ቸገረኝ! ዘበኛው ስዊቹን ሲጫንልኝ አምፖሏን ፔዳሎቹን በሚያንቀሳቅሰው ሞተር ሶኬት ላይ አስነካኋት። አልበራችም። እንግዲህ ሽቦው መሃል ላይ ተቆርጧል ማለት ነው።

ሽቦውን በእጄ እየተከተልኩ ምንጣፉ ሥር ስገባ ጣቴ ተጣበቀ። አሸተትኩት። ማር! ሽቦው ላይ ፈስሶ፣ አይጥ ሽቦውን ከነማሩ ቆርጥሞታል።

በእኛ አገር እንግዳ ባዶ እጁን አይሸኝም። አምደወርቆችም ለአቶ ደጅይጥኑ ማር ሰጥተዋቸዋል። ከኋላ እንዳይጭኑት ሰው ያያል፤ ዳሽቦርዱ ላይ «ከሕክምና ዕቃ በቀር መጫን ክልክል ነው» ብለው የለጠፉት እሳቸው ናቸዋ። ስለዚህ እግራቸው አጠገብ ሸሸጉት። ክዳኑ የላላ ጀሪካን ደግሞ ያንን ኮረኮንች አይችለውም።

«ዘይት ይሆናል» አሉ አቶ ደጅይጥኑ፣ ጎንበስ ብለው በአውራ ጣታቸው እየነኩ።

«ይቅመሱት።»

አልቀመሱም።

የተቆረጡትን ሽቦዎች ልጬ ቀጠልኳቸው፣ በናስትሮ ጠቀለልኩ፣ ስዊቹን ተጫንኩ። ዝዝዝ! ፔዳሎቹ መጡልኝ። ከደስታዬ ብዛት ጮህኩ።

«ዝናሽዬ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በቃ ቅጹን እንቅደደውና ይቅር።»

«አይቀደድም።»

የእሳቸውን ጽሑፍ በአንድ መስመር ሰረዝኩና ከሥሩ «ማር» ብዬ ጻፍኩ። የኃላፊ ፊርማ የሚያርፍበትን ቦታ አሳየኋቸው። «ይፈርሙልኝ። አበርገሌ የሚጠብቁኝ እናቶች አሉ።»

ከበው የቆሙትን ሰዎች ዞር ብለው አዩ። ፈረሙ። ወረቀቱን ሲመልሱልኝ ከፊርማቸው አጠገብ የአውራ ጣታቸው አሻራ በማር ታትሞበታል።

ጣቴ ላይ የቀረውን ማር ከጀርባው ጠርጌ ቅጹን ዳሽቦርዱ ላይ፣ ከክልከላው ጎን ለጠፍኩት። ማጣበቂያ አላስፈለገኝም።