ግማሽ የሚከፈት በር

መምህሩ የገዛ ቤቱን ንድፍ ሰሌዳው ላይ ለጥፎ ወደ ኋላ አፈገፈገ። መስመሮቹ እንደ ወትሮው እንከን አይወጣላቸውም።

ኮሌጁ ዘንድሮ ኮርሶችን በጭብጥ አቧድኗል። እሱ የሚያስተምረው የቴክኒክ ንድፍ፣ እንዲሁም ሕግና ሥነ ጽሑፍ «ቤት» በሚል ጭብጥ ሥር ተሰባስበው ለአንድ ክፍል ተማሪዎች ይሰጣሉ። የአንዱ ኮርስ ሥራ ለሌላው መነሻ ይሆናል፤ መምህራኑም የቤት ሥራውን፣ ለምሳሌ የዚህን ሳምንቱን የገዛ ቤት ንድፍ፣ ከተማሪው እኩል ይሠራሉ። ይህን ደንብ ያወጣውን ሰው በሆዱ ሲረግም ነው የሰነበተው። ለዓመታት ብቻውን ገብቶ፣ ብቻውን አስተምሮ፣ ብቻውን ሲወጣ ማንም ስለ ቤቱ ጠይቆት አያውቅም። ዲኗ እስከ ዛሬ እንዲያስብበት ነግራው ነበር፤ ከክፍል እንደወጣ ለእሷ «በቃኝ፣ ወደ ድሮዬ መልሱኝ» ሊል ቆርጧል።

ከፊት የተቀመጠች ተማሪ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ይቅርታ... የተሳሳቱ መሰለኝ። በሩ ሲከፈት አልጋው ይይዘዋል። ከግማሽ አያልፍም።»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እሱን ስህተት ላይ መያዝ እንዲህ በዋዛ የሚገኝ ነገር አልነበረም።

«አልተሳሳትኩም» አለ። «እንደዚያው ነው።»

«ታዲያ እንዴት ይገባሉ?»

«በጎን።»

«እንግዳስ ሲመጣ?»

እናቱ ካረፈች ወዲህ ያንን ደፍ የረገጠ ሰው ለማስታወስ ሞከረ፤ አንድም አልመጣለት አለ። ቆጣሪ አንባቢው እንኳ ከውጭ አይቶ ይሄዳል። አልጋውን ወደዚያ የገፋው ለመስኮቱ ብርሃን ብሎ ነበር፤ በሩ ለሌላ ሰውም እንደሆነ ትዝ ያለው ገና አሁን ነው። ሳቁ ቀስ እያለ ሞተ። ብቸኝነቱ በልኬት ተሥሎ ሰው ፊት ተሰቅሏል። አፈረ።

ልጅቷ ግን ንድፉን መገልበጥ ጀምራለች።

«ሐሙስ በሥነ ጽሑፍ ክፍል አንድ አንድ ቤት መርጠን፣ ሰው አስገብተንበት ታሪክ እንጽፋለን» አለች ቀና ሳትል። «እኔ የእርስዎን ወስጃለሁ።»

ከኋላ አንዱ «እኔም» አለ። ሌላዋም ተከተለች።

ዲኗ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ቢሮዋ ውስጥ ጠበቀችው።

«እህሳ ወንድሜ፣ ቆረጥክ?»

ሲያጠናው የሰነበተው ንግግር አፉ ላይ ደረሰና ተመለሰ።

«እስከ ሐሙስ ይታገሱኝ።»

«ሐሙስ ምን አለ?»

«ቤቴ ሰው ይመጣል» አለ፣ የገዛ ድምፁ እንግዳ ሆኖበት።