እንክብሉ አይጾምም

ይገዙ ሚስቱን ምኞትን ሆስፒታሉ በር ላይ አቅፎ ከባጃጁ ሲያወርድ ደሟ ጋቢውን አልፎ ሸሚዙን አርሶት ነበር። የአምቦ የነሐሴ ዝናብ እላያቸው ላይ ይወርዳል።

የአራት ወር ፅንስ ነበር፤ ወረደ። ምኞት ለጥቂት ተረፈች።

ዓምና ፊራኦልን ሆዷ ተቀዶ ስትወልድ ሐኪሙ፣ "ሁለት ዓመት ሳይሞላሽ ብታረግዢ ለሕይወትሽ ያሰጋል" ብሏት ነበር። ሰማች፤ የወሊድ መከላከያ እንክብሉን ያዘች። ይገዙም ሰምቷል፤ መስማት ብቻ። ጌዶ ገበያ የበሬ ዕድሜ በጥርሱ የሚናገር ሰው፣ ሚስቱ በየማታው የምትውጣትን አንዲት ፍሬ አንድ ቀን እንኳ "ወሰድሽ ወይ?" ብሎ አያውቅም።

ሲስተር ጃለኔ ካርዱን ይዛ አልጋው ጫፍ ቆመች።

"እንክብል ትወስጂ አልነበር?"

"እወስድ ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ተውኩት።"

"ለምን?"

ምኞት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ይገዙ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ያው ጾም ነው፣ ሲስተር። መኝታ ለይተናል። በከንቱ ምን ያስውጣታል ብዬ..."

"መቼ ቀጠለች?"

"የፋሲካ ዕለት ማታ።"

"መኝታውስ?"

"ያው... የዚያኑ ዕለት ማታ።"

"ኦቦ ይገዙ፣ እርስዎ ይጹሙ፤ ማን ከለከለዎት? እንክብሉ ግን አይጾምም። ሁለት ወር ያህል ትታው በጀመረችበት ማታ ወዲያው አይከላከልላትም። ምናለ ብትጠይቁ?"

"አብረን ሄደን እንጠይቅ ብዬው ነበር" አለች ምኞት። "'ከሴት ጋር ወረፋ ልሰለፍ?' አለኝ።"

ሲስተሯ ወጣች። ይገዙ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

"ምኞቴ... ምን ነበር?"

"ሴት።"

እናቱ እንግዳወርቅ ነጠላቸው በዝናብ ርሶ ደረሱ። ሳይቀመጡ ጀመሩ።

"አላልኩም? ያ ኪኒን ማህፀኗን አቃጥሎት ነው! ልጄን ዘር ልትነሳው ነው! አንተስ አፍ የለህም?"

ምኞት ብርድ ልብሱን ፊቷ ላይ ሳበች። እናቱ ሲቆጡ ይገዙ ወይ ከብት ሊያይ ይወጣል፣ ወይ መሬት መሬት ያያል።

"ኪኒኑ አይደለም፣ እማዬ" አለ። "ያስቆምኳት እኔ ነኝ።"

"አንተ? በሴት ጉዳይ ምን ጥልቅ አደረገህ?"

"እኔ ነኝ አልኩሽ። እሷን ተያት።"

ምኞት ከብርድ ልብሱ ሥር ሰማችው። እጇን ፈልጎ ሲዳስስ ግን ወደ ብብቷ ሸሸገችው።