ዲግሪዬን ከዜሮ

የሰቆጣ ሰው ምክር አይሰስትም። እኔ መስከረም፣ በፋርማሲ ዲፕሎማ ይዤ በጤና ጣቢያችን መድኃኒት የማድለው፣ የዲግሪ ዕድል ደርሶኝ «የምትማሪውን እስከ ዓርብ አሳውቂ» ስባል ሁሉም አስቀድሞ መርጦልኝ ነበር። ፋርማሲ! የተማርኩት ይያዝልኛል፣ ቶሎ እጨርሳለሁ፣ ከዚያ የራሴን መድኃኒት ቤት እከፍታለሁ። የእኔ ዓይን ግን ሳይካትሪ ነርሲንግ ላይ ነበር፤ እሱ ደግሞ ከዜሮ ነው የሚጀመረው።

«የእብድ ሐኪም!» አለች እናቴ ደመቀች። «ደህናውን ሰው ማን ከለከለሽ?»

«ደህና ሰው ሐኪም ምን ያደርግለታል?» አልኳት። ምላሴን ያወረሰችኝ እሷ ናት፤ ትቻለው።

አብራኝ የምትሠራው የትናየት፣ ከደብረ ታቦር ተመድባ የመጣች፣ በሌላ በኩል ወጋችኝ። «አንቺ እኮ ለሰው ትዕግሥት የለሽም። ክኒን መልስ አይሰጥም፤ ለዚያ ነው የተስማማችሁ።»

ይህቺኛዋ ቃል ልቤ ገባች። እንግሊዝኛዬን ትምህርት ቤት አላጠራልኝም፤ በየመድኃኒቱ ካርቶን ውስጥ ተጣጥፎ የሚመጣውን ወረቀት እያነበብኩ ነው ያጠራሁት። ስለ አእምሮ ሕመምም ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤአለሁ። ከሰው አጠገብ ቁጭ ብሎ መስማት ግን በንባብ አይገኝም። በየትናየት ቃል እውነት ባይኖር ኖሮ እስከ ሐሙስ ባላመነታሁ።

ሐሙስ አቶ ይሄይስ ከልጃቸው ጋር ከደሃና መጡ። ልጃቸው አልጣሽ የሚጥል በሽታ አለባት፤ ክኒኗን በየወሩ ከእኔ መስኮት ይወስዳሉ። ያን ቀን ግን እጃቸውን አላስገቡም።

«ተይው ልጄ። ልሰናበትሽ ነው የመጣሁ። ጠበል ልናስገባት ነው።»

«ጠበሉም ይሁን፣ ክኒኑም ይሁን። በድንገት ካቋረጠች ይብስባታል።»

«አይቀላቀልማ!» አሉና ልጃቸውን ይዘው ዞሩ።

በዚያ መስኮት የሚሄድ ሰው ጀርባ ብዙ አይቻለሁ። ያን ቀን ክኒኑን ይዤ በሩን ከፍቼ ወጣሁ።

«ወረፋውስ?» ጮኸች የትናየት።

«ያዥልኝ።»

ደርሼባቸው ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸውና ከሁለቱ መሐል ተቀመጥኩ። ለምን እንደማይቀላቀል በአካባቢያችን ቋንቋ በኽምጣና ጠየቅኳቸው። አቶ ይሄይስ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። አንድ ስለታም ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩትና ጠበቅኩ። ከክኒን ሁሉ የሚመር ነገር ነው።

የመለሰችልኝ አልጣሽ ናት። «ጠበል በባዶ ሆድ ነው የሚጠጣ። ክኒኑን ደግሞ ገና ጎሕ ሲቀድ ነው የምውጠው።»

«ጎሕ ሲቀድ? በየወሩ ‹ማታ፣ ከእራት በኋላ› እያልኩ?»

«ብለሻል» አሉ አባቷ። «የሚጥላት ግን ጠዋት ነው። ሌባ በጠዋት እየመጣ ዘበኛ በማታ ይቆማል?»

ሳቄ አመለጠኝ። ዘበኛው ማታ ከገባ ሌሊቱን ከእሷ ጋር አድሮ ሌባውን ጠዋትም ቆሞ እንደሚጠብቀው ነገርኳቸው። ያዘዘላትን ነርስ ጠርቼም አስመሰከርኩ። ማታ ክኒን፣ ጠዋት በባዶ ሆድ ጠበል።

አቶ ይሄይስ ከአግዳሚው ተነሡ። «እንዲህ ከሆነማ የጠበሉ ቄስም አይቆጡን» አሉና እጃቸውን ለመድኃኒቱ ዘረጉ።

አልጣሽ ግን አልተነሳችም። «በሚመጣው ወርስ ትወጫለሽ?»

እወጣለሁ ብል ውሸት ነው። ደመወዜ የሚከፈለኝ መስኮቱ ውስጥ ለመቀመጥ እንጂ ወጥቶ ለመስማት አይደለም፤ ወረፋውም እያጉረመረመ ነበር። «እንጃ» አልኳት። እንዲህ ያለ የደካማ መልስ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

ስመለስ የትናየት ላብ በላብ ሆናለች። «ጨረስሽ፣ ሐኪሚቱ?»

«ገና ልጀምር ነው።»

አየችኝ። «ሳይካትሪ? ያን ሁሉ የፋርማሲ ልፋት ጥለሽ?»

«ጥዬ።»

«እንግዲያው የመጀመሪያ ታካሚሽ እኔ ነኝ። ይህ ወረፋ አሳብዶኛል።»

ለምሳ ስንዘጋ ወደ ኃላፊው ቢሮ ሄጄ ምርጫዬን ነገርኩት። ፋርማሲ ቢሆን ቶሎ እንደምጨርስ አስታወሰኝ፤ ደግሞም እስከ ነገ ላስብበት እንደምችል።

«አውቃለሁ» አልኩት። «ሳይካትሪ ብለህ ጻፈው።»